በአባባ ሱሌይማን ማሳ የነበረው መርቆሬዎስ

ልጄ አብሳሎም የመመረቂያ ጽሑፉን ሦስተኛ ምዕራፍ እንድተይብለት የሰጠኝ በጥቅምት መጀመሪያ ነው። ጅማ፣ ቦሳ አዲስ ሰፈር ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ፎቶ ኮፒ አነሣለሁ፣ የተማሪ ጽሑፍ እተይባለሁ፣ እጠርዛለሁ። እኔ ራሴ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ግን በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ስለ ወባ፣ ስለ አፈር መሸርሸር፣ ስለ ንብ እርባታ ያልተየብኩት የለም። አንዱም አስደንግጦኝ አያውቅም። የልጄን ጽሑፍ ግን ሁለተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ከወንበሬ ተነሥቼ የሱቁን በር ዘጋሁ።

ጽሑፉ ስለ አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከስድስት መቶ ዓመት በፊት ጅማ አቅራቢያ ካለችው ከየቡ በላይ ባለው ጉብታ ላይ ከተማ ነበረ ይላል። ከተማ ሲባል እንደ ዛሬው አስፋልትና ሱቅ ያለው አይደለም። የንጉሥ ጭፍራ የሰፈረበት፣ በእንጨት አጥር የተከበበ፣ ወርቅና ቅመም ፈላጊ ነጋዴ ከሩቅ የሚመጣበት ሰፈር ነው። በመካከሉ የቅዱስ መርቆሬዎስ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ጭፍራው ሲዘምት እዚያ ይባረካል፣ ነጋዴው እዚያ ይማማላል፣ የሞተው እዚያ ይቀበራል። በኋላ ጦርነት መጥቶ ከተማው ሲፈታ ካህናቱ ጊቤን ተሻግረው ሸሹ። ይዘውት የሄዱት አንድ የብራና መጽሐፍ ጎጃም ውስጥ ባለ ገዳም ይገኛል፤ የአብሳሎም መምህር ፎቶውን አሳይቶታል። በባዶው ገጽ ላይ አንድ ካህን በግዕዝ፦ «ታቦቱንና መጽሐፉን ይዘን ወጣን፤ ድንጋዩንና ዛፉን ለእግዚአብሔር ትተናል» ብሎ ጽፏል።

ድንጋዩና ዛፉ ዛሬም አሉ፣ ይላል ልጄ። ያሉትም የቡ አጠገብ፣ በአቶ ሱሌይማን የቡና ማሳ ውስጥ ነው። የሰውየውን ሙሉ ስም ጽፏል፣ ቀበሌያቸውን ጽፏል፣ ማሳው ስንት ሄክታር እንደሆነ ሳይቀር ጽፏል።

በሩን የዘጋሁት ለዚህ ነው። አብሳሎም መጀመሪያ የተመደበው ሌላ ክልል ወዳለ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ሁለተኛ ዓመት ላይ ተማሪው በወገን ተከፋፍሎ ሲደባደብ ጭንቅላቱን በብረት መቱት። አሥራ ሁለት ቦታ ተሰፋ። በዚያው ቀን ጠዋት ደውሎ «ሰላም ነው እማ» ብሎኝ ነበር። ጅማ አምጥቼው እንደ አዲስ ከአንደኛ ዓመት ጀመረ። አባቱን ጊቤ ቁልቁለት ላይ መኪና ወስዶብኛል፤ ያለኝ እሱ ብቻ ነው። የሚገርመው ከዚያ ሁሉ በኋላ በማንም ወገን ቂም አልያዘም። «የመታኝ አንድ ልጅ ነው፣ መልኩንም አላየሁትም» ይላል። እኔ ነኝ የእያንዳንዱን ሰው መልክ የማየው።

ከሰዓት በኋላ ጽሑፉን ሊወስድ ሲመጣ «የሰውየውን ስም አውጣው» አልኩት።

«እማዬ፣ ስም የሌለው ምንጭ ምንጭ ነው?»

«እንግዲያው ቦታውን አውጣ።»

«ከዚያስ ምን ቀረ? 'አንድ ቦታ ላይ አንድ ቤተ ክርስቲያን ነበር' ልበል? ይሄ ተረት እንጂ ጥናት ነው?»

«አንዱ ተነሥቶ መሬቱ የኛ ነው ቢልስ? ሌላው ደግሞ ሊቀሙን ነው ቢል?»

«ማን አንብቦት? ይሄን ሁሉ ዓመት ስትጠርዢ አንድ ሰው የመመረቂያ ጽሑፍ ሲያነብ አይተሻል?» ብሎ ሳቀ።

እውነቱን ነው፣ አላየሁም። ሳቁ ደስ ስላለኝ ክርክሩን ተውኩት። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ የቀረጸውን አሳየኝ። አባባ ሱሌይማን ከሰማንያ ያለፉ፣ ቀጠን ያሉ፣ ነጭ ቆብ ያደረጉ ሽማግሌ ናቸው። ከአብሳሎም ያገናኘቻቸው ጎረቤቴ ነጅላ ናት፤ የእናቷ አጎት ናቸው። በቡናው መካከል እየሄዱ ሰባት ትልልቅ ጥዶች በክብ ከቆሙበት ሲደርሱ ኮንጎ ጫማቸውን አውልቀው በባዶ እግራቸው ገቡ።

«አያቴ እዚህ ሲደርስ ያወልቅ ነበር» ይላሉ። «አባቴም ያወልቅ ነበር። ለምን ስለው፣ ባተስካና፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ነበር አለኝ፤ የሰዎች መስገጃ። ባለቤቶቹ ሩቅ ሄደዋል፣ እኛ ጠባቂ ነን አለኝ። ስለዚህ ቡና አንተክልበትም። መጥረቢያም አናስገባም።»

ከዛፎቹ መካከል መስቀል የተቀረጸበት የበር መቃን ድንጋይ ተጋድሟል። አጠገቡ መሐሉ የተቦረቦረ ሰፊ ድንጋይ አለ፤ አብሳሎም የክርስትና ገንዳ ነው ይላል። ቅጠል ሞልቶት ነበር። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ቅጠሉን በእጃቸው አወጡለት።

ቦታው ያምር ነበር። በስልክ ብቻ ነው ያየሁት፤ እንደዚያ ሆኖ ዳግም አላየሁትም።

የፈራሁት የመጣው ከአንባቢ አልነበረም። አብሳሎም ግዕዙን ያስተረጎመው የደብራችንን መሪጌታ ወልደሰማያትን ለምኖ ነበር። መሪጌታ ደግ ሰው ናቸው፣ ደስታ ግን አፋቸው ላይ አያድርም። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ዐውደ ምሕረት ላይ ቆመው «ስድስት መቶ ዓመት የጠፋብን መርቆሬዎስ በልጃችን በአብሳሎም እጅ ተገኘ!» አሉ። ሕዝቡ እልል አለ። ስንወጣ ወጣቶቹ ለኅዳር መርቆሬዎስ ባነር አሠርተን እዚያው ድረስ እንሄዳለን እየተባባሉ ነበር። አንዱ የአብሳሎምን ትከሻ መታ አድርጎ «ርስታችንን አስመለስክልን» አለው። አብሳሎም «ኧረ ርስት የሚል ቃል አልወጣኝም፣ እኔ ታሪክ ነው ያልኩት» አለ። ማንም አልሰማውም።

ማክሰኞ ነጅላ ከጨርቅ ሱቋ እየሮጠች መጣች።

«እታገኝ፣ ቤተ ክርስቲያን ላይ ምንድን ነው የተባለው? የቡ ገበያ 'የሱሌይማንን ማሳ ሊወስዱት ነው' ብሎ አድሯል።»

«ማን አለ?»

«ሁሉም! የልጅ ልጆቻቸው ገጀራ እየሳሉ ነው አሉኝ።»

«የመድኃኔዓለም ያለህ!»

«ኧረ ተረጋጊ፣ ቡና ሊመነጥሩበትም ይሆናል» አለች ለመቀለድ። ግን እሷም ፊቷ ልክ አልነበረም።

በዚያው ሳምንት አብሳሎም እየበረረ መጥቶ ከባህልና ቱሪዝም ባለሙያ እንደተገኘለት ነገረኝ። ከመምህሩ ጋር ሆነው ቦታውን ሊያዩ ነው፤ እውነት ከሆነ በቅርስነት ይመዘገባል፣ አጥር ይታጠርለታል። «አባባ ሱሌይማንም ጠባቂ ተብለው በወረቀት ይጻፍላቸዋል» አለኝ። እሱ አጥሩን ሲያይ እኔ በአጥሩ ግራና ቀኝ የቆመውን ሰው አየሁ። ገጀራ አየሁ፣ ባነር አየሁ፣ ልጄን በመካከል አየሁ። ሦስት ቀን እህል በአፌ አልዞር አለ።

በአራተኛው ቀን ለአብሳሎም ሳልነግረው ነጅላን ይዤ በሚኒባስ የቡ ሄድኩ።

ያደግኩት አጋሮ ነው። ልጅ ሳለሁ ያየሁትን አንድ ነገር አልረሳም። የአንዲት ጎረቤታችን ልጅ ሰው አቁስሎ ሲፈለግ እናትየው እርጥብ ሣር ነጭታ፣ በሁለት እጇ ይዛ የተጎጂው አባት ደጅ ቆመች። ሰውየው ቁጣው ገና አልበረደም ነበር፤ ሣሩን ሲያይ ግን ወርዶ ተቀበላት። ሣር የያዘች እናት ባዶ እጇን ስትመለስ አይቼ አላውቅም። እኔም አባባ ሱሌይማን ግቢ ልንደርስ ስንል ከመንገዱ ዳር ጎንበስ ብዬ ሣር መንጨት ጀመርኩ።

«እታገኝ! ምን እያደረግሽ ነው? ጣይው!» አለች ነጅላ።

«ለምን?»

«ማርጋ፣ ሣር፣ ይዞ መግባት ቀልድ አይደለም። አጎቴ የድሮ ሰው ናቸው፤ ሣር ለያዘ እምቢ አይሉም። በባዶ እጅሽ ለምኚያቸው፣ ይሰሙሻል።»

«እኔስ ልቀልድ ነው የመጣሁት?»

አባባ ሱሌይማን የቡና ማድረቂያው አልጋ አጠገብ ቆመው የተሰጣውን በእጃቸው ያገላብጡ ነበር። የልጃቸው ሚስት ፈድሊያ የምቀመጥበት ዱካ ልታመጣ ገባች። እሳቸው ቀና ብለው በእጄ ያለውን ሲያዩ ቡናውን ከእጃቸው አራገፉ።

«ሃዳ አብሳሎም፣ ተቀመጪ» አሉኝ፤ የአብሳሎም እናት ማለታቸው ነው።

«መልስዎን ሳልሰማ አልቀመጥም። ማሎ አባባ፣ እባክዎ፣ ልጄን ይስጡኝ።»

«ልጅሽን እኔ መች ያዝኩት? ደግ ልጅ ነው፣ በጣም ነው የምወደው።»

«በዚህ ቦታ ምክንያት ክፉ ሊያገኘው ነው። ሰዎች ሊመጡ ነው። ሲጠይቁዎት አላውቅም ይበሉልኝ። ዛፍ ነው፣ ድንጋይ ነው፣ ሌላ አላውቅም ይበሉ።»

ፈድሊያ ዱካውን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

«አውቃለሁ ብዬ ተናግሬያለሁ» አሉ በመጨረሻ። «በስልኩ ይዞታል። በዚህ ዕድሜዬ እውነት በተናገርኩበት አፍ ልዋሽ?»

ሣሩን ከፍ አድርጌ ያዝኩ።

«የልጅ ልጆቼም ሰሞኑን አፍ እየከፈቱ ነው» አሉ። «አንቺ ለአንድ ትፈሪያለሽ፣ እኔ ለዘጠኝ።» ከዚያ ቀረብ ብለው ሣሩን በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። «ኢሺ። በዚህ ቦታ ምክንያት ልጅሽን የሚነካው አይኖርም። የኔንም ልጆች። ወላሂ።»

እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ይዘው ከለከሉኝ። ምን ሊያደርጉ እንዳሰቡ አልጠየቅኩም። «እንዴት?» የምትል አንዲት ቃል ነበረች፤ እሷን አልጠየቅኩም።

ስንመለስ ነጅላ መስኮት መስኮቱን እያየች «ተቀበሉሽ» አለች።

«እግዚአብሔር ይስጣቸው፤ ዝም ይሉልኛል።»

«አጎቴ? አጎቴ ዝም የሚሉ ሰው አይደሉም። ቃል ከሰጡ ያደርጋሉ።»

ቃሏን ልብ አላልኩትም። በወሩ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ቦታውን ሊያዩ የተሄደው ከአሥር ቀን በኋላ ነው። የቢሮ መኪና ነበረች፤ አንድ ባለሙያ፣ የአብሳሎም መምህር፣ አብሳሎም፣ መንገድ ላሳይ ብላ ነጅላ፣ አልቀርም ብዬ ደግሞ እኔ። አብሳሎም ሸሚዙን ተኩሶ፣ ሜትር ገዝቶ ነበር። መንገዱን ሙሉ ሲያወራ ነበር። «መቃኑን ብቻ ስታዩት ይበቃችኋል» ይላል።

ከመኪና ወርደን በቡናው መካከል ስንሄድ አስቀድሜ ያየሁት ሰማዩን ነው። በቪዲዮው ላይ ጥላ በነበረበት ቦታ ብርሃን ወርዷል።

ሰባት ጉቶ። ቆረጣው ገና ቀይ ነበር፤ የጥድ ሽታ አየሩን ሞልቶታል። በጉቶዎቹ መካከል መሬቱ ተቆፍሮ፣ በመስመር የቡና ችግኝ ተተክሎ፣ ውሃ ጠጥቷል። ድንጋዮቹ የሉም። ከነበሩበት የአይሱዙ ጎማ ምልክት ወደ መንገዱ ይወጣል።

አባባ ሱሌይማን በችግኞቹ መካከል ቆመው ነበር። ጫማቸውን አላወለቁም።

አብሳሎም ሜትሩን እንደያዘ ቆመ። የተናገረው ባለሙያው ነው።

«አባቴ፣ እዚህ ምን ነበር?»

«ባተስካና ነበር። አሁን የለም።»

«ዛፉን ማን ቆረጠው?»

«እኔ አስቆረጥኩ።»

«ድንጋዩስ?»

«መንገድ ለሚሠሩት ሰጠሁ። ፈጭተውታል።»

«ለምን?»

ሽማግሌው ወደ እኔ አላዩም። አንድ ጊዜ እንኳ አላዩም። «መሬቱ የኔ ነው» አሉ።

አብሳሎም ተጠጋቸው። «አባባ፣ እርስዎ እኮ ጠባቂ ነኝ ብለውኝ ነበር። አያትዎ፣ አባትዎ...»

«ብያለሁ» አሉ። «ልጄ፣ ብያለሁ።»

መምህሩ ያለ ቅሪት መመዝገብ እንደማይቻል፣ ፎቶና ቪዲዮው ግን ለጽሑፉ እንደሚበቃ ለአብሳሎም ቀስ ብሎ ነገረው። ባለሙያው ደብተሩን ከደነ። እዚያ ከአሥር ደቂቃ በላይ አልቆየንም።

ስንመለስ፣ ግማሽ መንገድ ካለፍን በኋላ ነው አብሳሎም አፉን የከፈተው።

«ፊት ለፊቴ ዋሹኝ። ያን ሁሉ ቀን ሻይ እያጠጡ፣ ልጄ እያሉ። ወረቀት ይመጣል ሲባል መሬታቸው በለጠባቸው።»

«ምናልባት ፈርተው ይሆናል» አልኩ። «ለልጆቻቸው።»

«እማ፣ ዛሬም ለነሱ ጠበቃ ልትቆሚ ነው? እነሱን ማመን አልነበረብኝም።»

እነሱ አለ። ጭንቅላቱ ተሰፍቶ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ያልተናገራትን ቃል ተናገራት። ነጅላ አጠገቤ ተቀምጣለች። ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። አልተቆጣችም፤ እውነቱን እንድናገር ጠበቀችኝ። እስከ ጅማ መግቢያ ጠበቀችኝ። «አብሳሎም፣ ሣር ይዤ የለመንኩት እኔ ነኝ» ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። ብነግረው ልጄን አጣለሁ አልኩ በልቤ፤ ሌላ ቀን፣ ሲረጋጋ አልኩ። የጅማው መርካቶ ጋ ስንደርስ ነጅላ ሾፌሩን «እዚህ አውርደኝ» አለችው። ሱቋ ገና ሩቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደጄን አልረገጠችም። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም ትለኛለች፤ ሰላም ብቻ።

ለኅዳር መርቆሬዎስ ባነር ይዞ የሄደ የለም። የሚኬድበት ነገር ስለሌለ ወሬው በሁለቱም ወገን በረደ። የአባባ ሱሌይማን ልጆች ቡናቸውን ለቀሙ። ሽማግሌው እንዳሉት ልጄን ማንም አልነካውም።

ጥናቱን ያቀረበ ቀን ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ሰማሁት። ስለ ጭፍራው፣ ስለ ነጋዴዎቹ፣ ጊቤን ስለተሻገሩት ካህናት ሲናገር እንደ አዋቂ ሰው ነበር። የመጨረሻውን አንቀጽ ግን እኔ አልተየብኩትም፤ ራሱ ጨምሮት ነበር። «ይህ ቤተ ክርስቲያን ጦርነትንና ስድስት መቶ ዓመትን አልፎ የቆየ ቢሆንም፣ የመጨረሻ ቅሪቱን ባለይዞታው አቶ ሱሌይማን ለመሬት ጥቅም ሲሉ ሆን ብለው አጥፍተውታል።» ፈታኞቹ አንገታቸውን ነቀነቁ። አንዱ «የሚያሳዝን ነው» አለ። «በጣም ጥሩ» ብለው አሳለፉት።

እንግዲህ የመርቆሬዎስ ታሪክ የሚያልቀው በዚህ ነው። ሌላ የጻፈው ሰው የለም፣ ከእንግዲህ ቆፍሮ የሚያረጋግጥም የለም። ያን ቤት ጠብቀው ያቆዩት ሰዎች አጥፊ ተብለው ተጻፉ፤ አጥፊዋ እኔ ነኝ፣ እኔ ምስጋናው ገጽ ላይ ነው ያለሁት። «ለውድ እናቴ» ይላል።

መሪጌታ ወልደሰማያት ይህን ሲሰሙ አብሳሎምን ጠሩት። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የጽሑፉን መጨረሻ ለሕዝቡ እንዲያነብ ነው። ወጣቶቹ ከሌላ ደብርም ሰው እየጠሩ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት የአባባ ሱሌይማንን ቁጥር ፈልጌ ደወልኩ። ፈድሊያ አንሥታ ሰጠቻቸው።

«ሃዳ አብሳሎም! ደህና ነሽ? ልጁስ?»

«ደህና ነው አባባ። ጨረሰ፤ ሊመረቅ ነው።»

«ማንም አልነካውም?»

«ማንም አልነካውም።»

«አልሐምዱሊላህ። አይዞሽ፣ የለመንሽኝን አትንገሪው እንዳልልሽ እውነት ነው፤ ንገሪው እንዳልልሽ ደግሞ አንቺ እናት ነሽ። አንቺ እንዳወቅሽ።» ከኋላቸው ልጆች ሲሳሳቁ፣ ቡና በአልጋ ላይ ሲገላበጥ ይሰማኛል።

«አባባ፣ ነገ እሁድ...»

«እሁድ ምን?»

«ከቤት እንዳይወጡ። ልጆቹም እንዳይወጡ።»

ሳቁብኝ። «የት እንወጣለን ብለሽ ነው? ቡና እያደረቅን» አሉና ደህና ዋይ ብለው ዘጉት።

ስልኩን እንደያዝኩ በሩ ላይ ቆምኩ። አብሳሎም ከጓዳ ሆኖ ነገ ለሕዝቡ የሚያነበውን ጮክ ብሎ እየተለማመደ ነው። የሱሌይማን ስም ላይ ሲደርስ ድምፁን ከፍ ያደርጋል።